«ነጸብራቁ ውሸት ነው»

ሥዕሉን የጨረስኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጊዜው ጥር 2012 ዓ.ም. ነበር። ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ጣና ላይ ታንኳ ይቀዝፋል። በስተቀኝ ፀሐይዋ ብቅ ብላለች። ሰማዩ ብርቱካን መስሏል። ውሃው ላይ ደግሞ ሰውየው ከነታንኳው ተዘቅዝቆ ይታያል። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ስንት ጊዜ አይቶታል! እኔም ያየሁትን የሣልኩ መስሎኝ ነበር። ቀለሙ በደንብ ሳይደርቅ በስልኬ ፎቶ አነሳሁትና ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬን ስለጥፍበት ወደነበረው የሠዓሊዎች የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ከዚያ ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ ስልኬ በእሳትና በልብ ኢሞጂ ተጥለቅልቋል። «እጅሽ ይባረክ»፣ «ዋው»፣ «በርቺልን»፣ «ጣና ዳር የቆምኩ መሰለኝ»። አልጋዬ ላይ እንደተጋደምኩ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። መሐል ላይ አንድ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብሏል፦ «ነጸብራቁ ውሸት ነው።» ሌላ የለም። ሦስት ቃልና አራት ነጥብ።

ፊቴ ጋለ። «አንተ ለመሆኑ ጣናን አይተኸው ታውቃለህ?» ብዬ መለስኩለት። ይህን ስጽፍ ግሩፑ ከእኔ ጋር እንደሚቆም አውቄ ነው። ቆመም። አንዱ «ምቀኛ» አለው። ሌላው «እስቲ አንተ ሥለህ አሳየን» አለው። የቀረው ሳቀበት። ማታ ላይ ሰውየው ከግሩፑ ወጣ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። አስተያየቱን ደግሞ ስክሪንሾት አንስቼ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳስቀመጥኩት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን የምጽፈው ሥዕል ጀምራችሁ ሥራችሁን ለማታውቋቸው ሰዎች ለምታሳዩ ነው። የሰው ሥዕል ሥር አስተያየት ለምትጽፉም ጭምር። እኔ በሁለቱም በኩል አጥፍቻለሁ። ሁለተኛው ጥፋቴ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ወደ መስከረም ገደማ አንድ ሐይቁ ዳር ያለ ካፌ ያንን ሥዕል ግድግዳው ላይ እንድሰቅለው ፈቀደልኝ። አስጠርዤ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ወሰድኩት። ካፌው ገና አልተከፈተም ነበርና ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ጋዜጣው ተቀዶ ሥዕሉ ግማሹ ይታያል። እዚያው አጠገብ ከዘጌ በኩል በታንኳ እንጨት ያመጣ ሰውዬ ሸክሙን ያራግፋል። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገና ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ።

«እታለም፣ ይህ ታንኳ ዛሬ ነው የተሠራ?»

«እንዴት?»

«ውሃ አልጠጣማ!»

ከዚያ የራሱን ታንኳ በጣቱ አሳየኝ። ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ከሥራ በኋላ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያቆሙት። የሱ ታንኳ ጠርዙ ከውሃው የአንድ ስንዝር ያህል እንኳን ከፍ አላለም። የእኔው ግን እንደ ፕላስቲክ ጀልባ ውሃው ላይ ተቀምጧል። «ሰውየውም አፍንጫው ላይ ነው የተቀመጠ። እዚያ ሆኖ ቢቀዝፍ ይደፋል እንጂ የትም አይደርስ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጣቱ ወደ ታች ወረደ።

«ይኸስ ምንድን ነው? ጥላው ነው?»

«ነጸብራቁ ነው።»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው?»

አየሁት። ነጸብራቁ ወደ ግራ አዘንብሏል። ፀሐይዋ በስተቀኝ ስለሆነች እኔ ወደ ግራ ጎትቼዋለሁ። ጥላ እንዲያ ነው፤ ከብርሃኑ ይሸሻል። ነጸብራቅ ግን ፀሐይ የትም ትሁን የት፣ ከነገሩ ሥር ቀጥ ብሎ ወደሚያየው ሰው ነው የሚወርደው። ቀና ብዬ ሐይቁን አየሁ። አጠገባችን የታሰረችው ጀልባ ነጸብራቋ እንደ ቱንቢ ቀጥ ብሎ ወርዷል። ሃያ ምናምን ዓመት እዚህ ሐይቅ ዳር ስመላለስ አንድ ቀን እንኳን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ጥላና ነጸብራቅ ተምታቶብኝ ነበር ማለት ነው። ያ ሰውዬ ያለኝ ይህንኑ ነው። ነጸብራቁ ውሸት ነው።

ማታ ቤቴ ተቀምጬ ባለታንኳውን ወድጄው ያንን ሰውዬ የጠላሁት ለምን እንደሆነ አሰብኩ። ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነገር ነው። ነገር ግን ባለታንኳው ጠየቀኝ፤ ፍርዱን ራሴ እንድሰጥ ተወልኝ። ቦታውን በጣቱ አሳየኝ። ደግሞ ማንም አልነበረም፤ ያፈርኩት ከአንድ ሰውና ከጥቂት ወፎች ፊት ነው። ያኛው ፍርዱን ብቻ አደባባይ ላይ ጥሎልኝ ሄደ። ትክክል ነበር፤ ግን ትክክል መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም።

ይህ የእሱ ጥፋት ነው። የእኔ ጥፋት ደግሞ ሁለት ቃል መጻፍ አለመቻሌ ነው፦ «የቱ ጋ?»

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህችን ያዙልኝ። አስተያየት ሲያማችሁ አትመልሱ፣ አታብራሩ፣ አትሳደቡ። «የቱ ጋ?» በሉ። የሚያውቅ ሰው ያሳያችኋል። ሊያቆስል ብቻ የመጣ ሰው የሚያሳየው ቦታ ስለማይኖረው ይጠፋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሞክሬዋለሁ።

በዚያው ሰሞን የሁለት ዓመት ሥራዬን ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ውሃ ያለባቸውን ብቻ ቆጠርኩ። አሥራ አንዱ ላይ ያው ስህተት አለ። አሥራ አንድ ጊዜ አዘንብሎ የወደቀ ነጸብራቅ፣ አሥራ አንድ ጊዜ «እጅሽ ይባረክ»። ግሩፑ ውስጥ ከእኔ በብዙ የሚበልጡ ሠዓሊዎች ነበሩ። አላዩትም ማለት አይደለም። ይሉኝታ ነው። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡ ጨው በዛበት የሚል ማን አለ? ባለቤቷን «እጅሽ ይባረክ» ብለን፣ ውሃ ጠጥተን ነው የምንወጣው። እኔም ያው ነበርኩ። ሥዕሉን ሳልከፍተው ልብ ተጭኜ የማልፍበት ቀን ብዙ ነበር። የራሴን ሥዕል እንዲያዩልኝ የምከፍለው ዋጋ ነበር የሚመስለኝ።

ከዚያ ተገለበጥኩ። ከይሉኝታ ወጥቼ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ።

በ2014 ዓ.ም. እኔ የግሩፑ «ሐቀኛዋ» ነበርኩ። ሌላው ልብ ሲጭን እኔ አንቀጽ እጽፋለሁ። ሰዎች ሥዕል ለጥፈው ስሜን ሲጠሩ ደስ ይለኛል። የተጎዳ ሰው መጉዳት ይቀለዋል መሰለኝ። ወይም ደግሞ አዋቂ መምሰል ይጣፍጣል። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ማታ አንድ ወጣት የቅዳሜ ገበያን ሥሎ ለጠፈ። ከመገለጫ ፎቶው አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ሴቶች በርበሬና ጤፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ሁሉም ፊት ለፊት ነው የሚያዩት። ዓይናቸው ትልልቅ ነው። መሐል ላይ ያለችው ሴትዮ ከሌሎቹ እጥፍ ትበልጣለች። ዳር ላይ አንድ ደላላ አለ፤ በጎን ነው የሚታየው።

ሰባት ነጥብ ጻፍኩለት። ቁጥር ሰጥቼ! ጥላ የለውም። ርቀት የለውም፤ ከኋላ ያሉትም ከፊት ያሉትም እኩል ናቸው። ዓይናቸው ከፊታቸው ጋር አይመጣጠንም። መሐል ያለችው ሴት መጠኗ ተበላሽቷል። አምስተኛዋን ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል፦ «የደላላው ሌላኛው ዓይኑ የት ሄደ? ሃሃ።» ስድስትና ሰባት ትዝ አይሉኝም።

ልጁ «እሺ እህቴ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈ። ጥቂት ቆይቶ ሥዕሉን አጠፋው። የእኔ ሰባት ነጥብ ግን ቀረ። ላይክ ተደርጎለት።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ዘጌ ወሰድኳቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስገባ ስንተኛዬ እንደሆነ አላውቅም። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ዞረን የመቅደሱን ግድግዳ እናያለን። አስጎብኚው ሁልጊዜ የሚለውን ይላል። ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ያልሰማ የባሕር ዳር ልጅ የለም። እኔም መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ያን ቀን ግን እግሬ ተያዘ። በአንድ ዓይን! ደላላው!

ልጁ ገበያውን የሣለው በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ነበር። ትልልቅ ዓይኖች፣ ጥላ የሌለው ፊት፣ ትልቋ ሴት። የሚከበረው ሰው ከሌላው ገዝፎ ይሣላል። ደላላው በአንድ ዓይን የተሣለው ሌባ ስለሆነ ነው! የሥዕሉ ጨዋታ እሱ ነበር። ሰሙ ገበያ፣ ወርቁ ደላላው። እኔ ደግሞ የልጁን ቀልድ ስህተት ነው ብዬ አረምኩት። ግድግዳው ሥር ቆሜ ሰባቱን ነጥብ ለቅዱስ ጊዮርጊስ አንብቤ ብሆን ብዬ አሰብኩ። «ጥላ የለህም፣ ፈረስህም መጠኑ ተበላሽቷል።» ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ። ዘመዶቼ ጸሎት ላይ ነች ብለው ዝም አሉኝ።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት ዋሸራ ነው። ነገሩን ሁሉ አጫወትኳቸው። ቴሌግራም ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ እሳቸው ከእኔ በላይ ግሩፕ አላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ምን ሊል እንደፈለገ ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅሁትም።»

«ጉባኤ ቃናን ሦስተኛ ቤት የለህም ብሎ የሚያርም መምህር አይቼ አላውቅም» አሉ።

ለማታውቁት፣ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ያለው ቅኔ ነው። ተማሪ መጀመሪያ የሚለምደው እሱን ነው። ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይባላል። መምህሩ ከማረሙ በፊት የቀረበለት የትኛው እንደሆነ ማወቅ አለበት። ጉባኤ ቃናን አጠረ ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ አጭር ሆኖ ነው የተፈጠረው።

ከዚያ ስለ ቅኔ ቆጠራ አወሩኝ። ተማሪው ዛፍ ሥር ወይ ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሲሞላለት መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። የኔታ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ከዚያ ያርማሉ። ያልሆነውን ይመልሱታል። ተማሪው ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

«ሲመልሱዎት አይከፋዎትም ነበር?»

«ይከፋኛል እንጂ! ግን ነገ እንደምመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።» ትንሽ ዝም አሉና፣ «አንቺ ልጁ ነገ እንዲመጣ ነው የነገርሽው ወይስ እንዳይመጣ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም።

የሰደብኩት አደባባይ ላይ ስለነበር ይቅርታውንም እዚያው ጻፍኩ። ሥዕሉን እንዳልተረዳሁት፣ ደላላው አንድ ዓይን የሆነበትን ምክንያት ዘጌ ሄጄ እንደገባኝ ጻፍኩ። ለልጁም በውስጥ መስመር ላክሁለት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ «ችግር የለም እህቴ» ብሎ መለሰልኝ። የእኛ «ችግር የለም» ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ችግር የለም ማለትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለተኛ እንዳታናግሪኝ ማለትም ሊሆን ይችላል። ዳግመኛ ሥዕል አልለጠፈም። እኔም አልጨቀጨቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ ምንም አስተያየት አልጻፍኩም። እሱም ጥሩ አልነበረም። ወደ ልቡ ተመለስኩ፣ ወደ እሳቱ።

ነሐሴ 2015 ላይ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። ግሩፑ ለእኛ ሞተ ማለት ነው። ከባሕር ዳር የነበርነው ውስጥ ስልክ ቁጥር የነበረን አምስት ሰዎች ተደዋወልንና ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አንድ ዋርካ ሥር መገናኘት ጀመርን። ሁኔታው በፈቀደ ጊዜ ማለቴ ነው፤ የማንገናኝበትም ሳምንት ብዙ ነበር። ሥዕሎቻችንን የዋርካው ግንድ ላይ አስደግፈን ፊታቸው ቁጭ እንላለን።

በአካል ስንገናኝ ነገሩ ቀላል የሚሆን መስሎኝ ነበር። ባሰ! ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ዓይን ዓይንህን እያየህ ምን ትለዋለህ? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች «ያምራል፣ ያምራል» ተባብለን፣ ሻይ ጠጥተን ተለያየን።

በሦስተኛው ከመሐላችን አንዷ መምህርት ናትና እንደ ክፍል ተማሪ ሥርዓት አወጣችልን። ሥዕሉን ያመጣው ሰው መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። የሚመልሱት ሰዎች ጥሩ ነው መጥፎ ነው ሳይሉ ያዩትን ብቻ ይናገራሉ። ባለሥዕሉ እስኪጨርሱ ዝም ይላል።

እኔ ያን ቀን ያመጣሁት የዓሣ ነጋዴ ሴትዮ ነበረች። ቆሮሶ የሞላ ሰማያዊ ሳፋ ከፊቷ አስቀምጣ ወደ ሐይቁ ታያለች። ጥያቄዬ «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ?» የሚል ነበር። አራቱም አንድ ነገር አሉ፦ ሳፋው ላይ። እኔ አንድ ወር የለፋሁት ፊቷ ላይ ነው! «እሱ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ዝም አሰኙኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «እሱ እኮ ሳፋው እውነተኛ ቀለሙ...»። እንደገና ዝም አሰኙኝ። በሦስተኛው ቅጣት ወጣ፦ «እሱ እኮ» ያለ ሰው ሻይ ይጋብዛል። በዚያ ዓመት የጋበዝኩትን ሻይ ባልቆጥረው ይሻላል።

ቤቴ ገብቼ ሥዕሉን በስልክ ፎቶ አነሳሁትና ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥኩት። ፊቷና ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኑ። ሳፋው ብቻ ጎልቶ ወጣ። ገባኝ። ሰማያዊው ላይ ጥቂት ብርቱካንማ ቀላቅዬ አደበዘዝኩት፤ ከፊቷ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አጨለምኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዤው ስመጣ ማንም «ጎበዝ» አላለኝም። አንደኛው ብቻ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለ። ስለ ሴትዮዋ ነው። ከዚያ በፊት ከተጻፈልኝ «ዋው» ሁሉ ያቺ ጥያቄ በለጠችብኝ።

ሌላም ነገር ዋርካው ሥር ገባኝ። መጽሐፍ የሚመክረው መጀመሪያ አሞግስ፣ ከዚያ ተች፣ ከዚያ አሞግስ የሚባለው ነገር እኛ ጋ አይሠራም። አማርኛ ተናጋሪ «ግን»ን ከሩቅ ያሸታታል። «ሥዕልሽ በጣም ያምራል...» ሲሉህ ጆሮህ «ግን» እስኪመጣ ነው የሚጠብቀው። ምስጋናም እንደ ትችቱ ቦታ ካልተጠቆመለት ባዶ ነው። አንዴ አንደኛዋ «ከዳር ያለው አረንጓዴ፣ ቅጠሉ ሳይታይ እንቦጭ መሆኑን ነገረኝ» አለችኝ። ያችን ቁራጭ ዛሬም እንደዚያው ነው የምሥላት፤ ምን እንደሠራሁ ስላወቅሁ።

ዳታው በቀጣዩ ዓመት ክረምት ሲመለስ ወደ ግሩፑ ተመለስን። የዋርካውን ሥርዓት ይዘን ለመግባት ሞከርን። ሁሉም አልሠራም። የሠራውን ልንገራችሁ።

ሥዕል ስትለጥፉ የምትፈልጉትን ጻፉ። «ብርሃኑ ላይ አስተያየት እፈልጋለሁ» በሉ። «ዛሬ ስለጨረስኩት ደስ ብሎኝ ነው፣ ነገ ትተቹኛላችሁ» ማለትም ይቻላል፤ ነውር የለውም። እኔ ለዚያ ልጅ የጻፍኩት ሰባት ነጥብ ግማሹ የመጣው ምን እንደሚፈልግ ስላልጻፈ፣ እኔም ስላልጠየቅሁ ነው።

ፎቶውን በመስኮት ብርሃን አንሱት። ስልኩን ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ያዙት፤ በጣም አትጠጉት፣ ጠርዙ ይጎብጣል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ስትልኩት ይጨመቃል፣ ስስ ቀለሞች ይጠፋሉ። አንድ ጊዜ «ድልድይሽ ጠሟል» ተብዬ ሁለት ቀን ሳስተካክል ሰነበትኩ። የጠመመው ስልኬ ነበር።

ከመላካችሁ በፊት ሥዕሉን በመስታወት እዩት። ወይም ስልኩ ላይ ግራውን ቀኝ አድርጋችሁ ገልብጡት። ዓይናችሁ የለመደው ስህተት ያኔ ብድግ ይላል። ራሳችሁ ልታዩት የምትችሉትን ነገር ሰው እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ የሰው ዓይን ከዚያ ለሚያልፈው ይቆይላችሁ።

ስትተቹ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ቦታውን አሳዩ። ስክሪንሾት አንስታችሁ ክብ አድርጉበት። በሰው ሥዕል ላይ ግን ሳታስፈቅዱ አትሣሉ፤ የሰው ልጅ ፀጉር ሳይጠይቁ እንደማበጠር ነው። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። ሰባት አይደለም። ከተቻለ በድምፅ ላኩት፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ከበደኝ» የሚለው ነገር ሲጻፍ ክስ ይመስላል፣ ሲነገር ግን ሰው ይሆናል።

ከበድ ያለውን በውስጥ መስመር መናገር ይሻላል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ግን ወንዶች ይህችን ስሙኝ። የማታውቋት ሴት ውስጥ መስመር ገብታችሁ «ሥዕልሽን ልተችልሽ» ስትሉ እሷ የምታስበው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። ግሩፑ ላይ «በውስጥ ልንገርሽ ወይስ እዚህ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቃ።

ትችት ሲደርሳችሁ ደግሞ በዚያው ሌሊት አትመልሱ። እኔ አንብቤ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጠዋለሁ። ጠዋት ከቡና በኋላ ሥዕሉን ነው ቀድሜ የማየው፤ አስተያየቱን አይደለም።

የተባላችሁትን ሁሉ አትቀበሉ። ባለፈው ክረምት ጣናን ቡናማ አድርጌ ሥዬ አንድ ሰው «ሐይቅ ሰማያዊ ነው፣ ቀለሙን ቀይሪው» አለኝ። ክረምት ላይ ግልገል ዓባይና ጉማራ አፈር ተሸክመው ሲገቡ ያላየ ሰው ነው። ልስቅበት ነበር። ከዚያ ሻዩ ትዝ አለኝና «የቱ ጋ?» አልኩት። ከፊት ያለውን ውሃ ከበበው። አየሁት። ቡናማው ትክክል ነው፤ ግን ሰማዩ አልተንጸባረቀበትም። ውሃ ሳይሆን የታረሰ ማሳ መስሏል። ሰማያዊ አድርጊው ያለኝን አልሰማሁም፤ የጠቆመኝን ቦታ ግን ሠራሁት። አሁን እንዲያ ነው የማነበው። ሰው መፍትሔውን ቢስተውም ጣቱ ያረፈበትን ቦታ አየዋለሁ።

ዘንድሮ ታንኳውን እንደገና ሣልኩት። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ዝቅ ብሏል። ሰውየው ወደ መሐል ገብቷል። ነጸብራቁ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ ደግሞ ከሰውየው ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ ጠርዙ በሞገዱ ተሰባብሮ። ሲያልቅ ያ ስክሪንሾት ትዝ አለኝ። ከድሮው ስልኬ ፈልጌ አወጣሁትና የሰውየውን ስም ቴሌግራም ላይ ፈለግሁ። አለ። ሌላ የሠዓሊዎች ግሩፕ ውስጥ ነው ያለው።

ረዘም ያለ መልእክት ጻፍኩ። ያኔ እንዳሰደብኩት፣ ትክክል እንደነበረ፣ አምስት ዓመት ሙሉ እንዳልረሳሁት ጻፍኩ። አዲሱን ሥዕል አያይዤ ላክሁ። እንደ ፋይል።

ማታ መለሰልኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ የትኛው ታንኳ?»

ጭራሽ አያስታውሰኝም። ስቄ ልሞት! ምን ልበለው ብዬ ሳስብ ሌላ መልእክት ገባ።

«ይኸኛው ጥሩ ነው። ነጸብራቁ ጥሩ ነው። ፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ቢጫ ግን በዝቷል።»

«የቱ ጋ?» አልኩት።

ከፀሐይዋ ግራ ጥግ ላይ ትንሽ ክብ አድርጎ ላከልኝ። ተነስቼ መብራት አበራሁና ሥዕሉን ሄጄ አየሁት። በዝቷል።